የእጃጂው ለቅሶና የአዲስ አበባ ሽርሽሬ

የእኛ አገር ሰው አዲስ አበባ የሚሄደው ለራሱ አይደለም። ወይ የታመመ ይዞ ይሄዳል፣ ወይ የጠፋ ማስረጃ ሊያስወጣ ይሄዳል፣ ወይ የሰው ቅቤ ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ ራሴ ሃምሳኛ ዓመቴን እስክደፍን ከአምቦ አዲስ አበባ ስንቴ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ ከተማዋን የማውቃት ግን በሆስፒታል ወረፋና በመሥሪያ ቤት ደረጃ ብቻ ነበር። አንድ ሰው «አዲስ አበባን ታውቃታለህ?» ቢለኝ «አዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ» ብዬ ልመልስለት እችል ነበር።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለዓይኑ ብሎ ቢሄድ ነውር አለው? የለውም። እኔን ነውረኛ ያደረገኝ አካሄዴ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ኦቦ ፈይሳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ አጥራችን አንድ ነው። ድሮ ስድስተኛ ክፍል አስተምረውኛል። አዲስ አበባን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይስሉልን ነበር፤ ባቡር ጣቢያው እዚህ፣ ገበያው እዚያ፣ ሙዚየሙ እዚህ ላይ። በመጨረሻ ድንቅነሽን አጥንት በአጥንት ይስሉና «የሁላችንም አያት ናት፤ ተነሡላት» ይሉናል። ስድሳ ልጅ ለጠመኔ እንነሣለን። ያልነገሩን ነገር ቢኖር፣ እሳቸው ራሳቸው አንድም ቀን አይተዋት አለማወቃቸውን ነው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ይህ ነገር ያንገበግባቸው ጀመር። ባገኙኝ ቁጥር «ያ ገመቹ፣ ዓይኔ ሳይከዳኝ አንድ ቀን ውሰደኝ» ይሉኛል። እኔም «መንገዱ ሰላም ሲሆን» እላቸዋለሁ። መንገዱ ሰላም የማይሆንበት ጊዜ ስለነበረ መልሱ ያስኬዳል። ሰላም የሆነም ጊዜ ግን መልሱን አልቀየርኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ ኦቦ ፈይሳን ይዞ መሄድ ማለት ክንድ ይዞ አስፋልት ማሻገር፣ በየታክሲው ደረጃ መደገፍ፣ በየሐውልቱ ሥር ቆሞ ትምህርት መስማት ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቅዳሜና እሁድ የማንም ክንድ ክንዴ ውስጥ ሳይገባ መሄድ አማረኝ።

ታዲያ ምን ብዬ ልውጣ? አዲስ አበባ ልሄድ ነው ብል ኦቦ ፈይሳ በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ። ስልጠና ብል ባለቤቴ ጫልቱ አበሉን ትጠይቃለች። ሐዘንተኛን ግን ማንም አይጠይቅም ብዬ አሰብኩ። ከአምቦ በስተምዕራብ፣ እጃጂ የሚኖሩ ዳባ የሚባሉ የአባቴ የአጎት ልጅ አሉ። በአያቶች መሬት የተነሣ ከአባቴ ጋር ተቀያይመው ስለኖሩ ቤታቸውን ረግጬው አላውቅም፤ ጫልቱም በስም ብቻ ነው የምታውቃቸው። ዓርብ ከሥራ ስመለስ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «ኦቦ ዳባ አርፈዋል» አልኳት። ጫልቱ ጤና ጣቢያ ተረኛ ስለነበረች ልትከተለኝ አልቻለችም። አለቀሰችልኝ። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ምዕራብ እሄዳለሁ ብዬ ወደ ምሥራቅ ተሳፈርኩ፣ የስልኬንም ኔትወርክ ዘጋሁ።

መቼም አዲስ አበባ አማረባት። ፒያሳ ስደርስ የማውቃት ፒያሳ የለችም፤ በቦታዋ ሰፊ መንገድ፣ አበባና መብራት ተተክቷል። በቀላል ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄጄ ያለ አንዳች ጉዳይ ተመለስኩ። ያለ ጉዳይ መመለስ እንዴት ደስ እንደሚል አትጠይቁኝ። ከምሳ በፊት ሙዚየሙ ገባሁና ድንቅነሽ ፊት ቆምኩ። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። እግሬ በራሱ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲቆም ታወቀኝ፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሆንኩ። «ኦቦ ፈይሳ ቢኖሩ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ፎቶ አንስቼ ልሸሸው ሞከርኩ። ምሳ ቤት ገብቼ አስተናጋጇ «ብቻዎን ነዎት?» ስትለኝ ደግሞ ሳህኑን ገፋ አደረግኩት። ያየሁትን የማወራለት ሰው አልነበረኝም፤ አገሬ ስገባም ላወራው አልችልም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚሉት ለእንጀራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት አምቦ ገባሁ። ግቢዬ በር ላይ የእድር ወንበር ተደርድሯል።

አዎ፣ የረሳሁት ይህንን ነው። በእኛ ሰፈር ሐዘንተኛን ማንም አይጠይቅም ያልኩት ልክ ነው፤ ነገር ግን ማንም አይተወውም። ጫልቱ ለአንዲት ጎረቤት ነግራለች፣ ያቺ ለእድሩ ነግራለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ንፍሮ ተቀቅሏል፤ የጫልቱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙር ይዘው መጥተዋል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ምን ላድርግ? ተቀመጥኩና ተጽናናሁ። ምን አሟቸው ነበር ሲሉኝ ጨጓራ አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን በየደቂቃው ይከብድ ነበር። የማላውቃቸውን ሰው ደግነት ስዘረዝር ላብ አጠመቀኝ፣ ሰዎቹም እንባ መስሏቸው መሐረብ ሰጡኝ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ «ኦቦ ፈይሳስ? አብራችሁ አልተመለሳችሁም?» ብለው ጠየቁኝ። ከየት እንደምንመለስ ጠየቅኳቸው። ከእጃጂ ነዋ አሉኝ። ለካ ኦቦ ፈይሳ ቅዳሜ ጠዋት ወሬውን እንደሰሙ፣ ገመቹ ብቻውን አይቀብርም ብለው፣ ያንን ኮታቸውን ለብሰው፣ በምርኩዛቸው መናኸሪያ ወርደው ተሳፍረዋል።

ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ራሳቸው የግቢውን በር በምርኩዛቸው እየዳበሱ ገቡ። ኮታቸው አቧራ ለብሷል። ሰዉ ሁሉ ቀብሩ እንዴት ነበር ብሎ ከበባቸው። ጫልቱ ከፊታቸው ቆማለች። በአንድ ቃል ትዳሬንም፣ እድሬንም፣ ስሜንም ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር።

«ከገመቹ ጋር ተላልፈን ሳንገናኝ ቀረን» አሉ። «ዓይኔ ነው ጥፋተኛው። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ይቅር በለኝ አሉኝ፤ እኔን። ሰዉ ሲበተንና ሁለታችን ስንቀር ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ዳባ ሰላም ብሎሃል» አሉኝ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። እጃጂ ደርሰው የለቅሶ ቤቱን ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። የዳባን ቤት ቢጠይቁ ግን ወስደው አደረሷቸው፣ በሩንም ሟቹ ራሳቸው ከፈቱላቸው። ኦቦ ፈይሳ ነገሩ ወዲያው ስለገባቸው «ገመቹ ልኮኝ ጤናህን ልጠይቅ መጣሁ» አሉ። ዳባ ይህንን ሲሰሙ ወንበር ይዘው አለቀሱ፤ የወንድሜ ልጅ አስታወሰኝ ብለው በግ አረዱ፣ አሳደሯቸውም። እኔ የገደልኳቸው ሰው፣ ስላስታወስኳቸው በግ አረዱልኝ።

የት እንደነበርኩ ሲጠይቁኝ አልዋሸሁም። ብቻዬን መሄዴንም ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን አሻሹ።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«በሰሌዳው ላይ አሳንሼ ነበር የምስላት ወይስ አግዝፌ?»

«አግዝፈው ነበር ኦቦ ፈይሳ። ትንሽዬ ናት።»

ደስ አላቸው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዋን ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ቀጥለው «ጥሩ ነው» ብለው መለሱልኝ። ስልኩን ሳየው ድንቅነሽ የለችበትም፤ ጣቴ ነክቶት የምሳዬ ፎቶ ላይ ነበር። ዓይናቸው ሄዶ ማለቁን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንሂድ ብዬ ብለምናቸው «አሁንማ እሷ እኔን ታየኝ እንደሁ እንጂ እኔ አላያትም» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ዛሬም አልቻልኩም።

እጃጂ ሄጄ ዳባን አመሰግናለሁ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። አልሄድኩም። መንገዱ፣ ሥራው፣ ክረምቱ። ኦቦ ፈይሳና ዳባ ግን በየእሁዱ በስልክ ያወጉ ነበር፤ የእኔ ውሸት ለእነሱ ወዳጅነት ሆኖላቸዋል። በዓመቱ ኦቦ ፈይሳ አንድ ዓርብ ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠሩኝና «ዳባ አረፈ። አሁን የእውነቱ ነው» አሉኝ።

ማንን ላርዳ? ጫልቱ አንዴ አልቅሳላቸዋለች። እድሩ አንዴ ወንበር ደርድሮላቸዋል። እኔ አንዴ ተጽናንቼባቸዋለሁ። በዚህ ሰፈር ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም። ስለዚህ ለጫልቱ አዲስ አበባ ሄጄ ትንሽ ልዝናና አልኳት። «ሂድ፣ አጎትህ ከሞቱ ወዲህ ፊትህ ፈክቶ አያውቅም» አለችኝ። በቦርሳዬም መክሰስ ቋጠረችልኝ።

መናኸሪያ ስደርስ ኦቦ ፈይሳ ኮታቸውን ለብሰው ቀድመውኝ ቆመዋል። ስንት ዓመት የለመኑኝ ጉዞ ይህ ሆነ። ወደ ምዕራብ ተሳፈርንና በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳቸው፤ ጉደርን ስናልፍ «ምን ይታያል?» አሉኝ፣ እኔም የጤፉን ማሳ፣ የወንዙን ውኃ፣ መንገድ ዳር የተሰጣውን በርበሬ ሳይቀር እየነገርኳቸው ሄድን። እሳቸው እንደ ድሮው ያርሙኛል።

እጃጂ ስንወርድ የት እንደምዞር ጠፋኝ። የዘመዴን ቤት አላውቀውም። ኦቦ ፈይሳ ክንዳቸውን ክንዴ ውስጥ ከተቱና በምርኩዛቸው የመንገዱን ዳር ነካ ነካ አደረጉ። «በዚህ በኩል ነው፤ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ሁለተኛው በር» አሉኝ። እኔም ተከተልኳቸው።