ማኅተም ያረፈበት መላጣ

ስሟን መጥራት በማያስፈልግ በአንዲት አገር፣ ፀሐይ እንኳ ለመውጣት የችሎቱን ማኅተም ድምፅ ትጠብቅ ነበር። ማኅተሙ ከነሐስ የተሠራ፣ የድፎ ዳቦ ያህል ሰፊ፣ ለማንሳት አራት ጎረምሳ የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ወንዝ ማዶ የተኙ ሕፃናት ብድግ ይሉ ነበር። ተጋነነ የሚል ቢኖር፣ ይህ ተቀንሶ የተነገረ መሆኑን ይወቅ። ዳኛ ቢሞት ሌላ ዳኛ ይሾማል፤ ማኅተሙን ጉንፋን ያዘው ቢባል ግን አገሩ በሙሉ ማቅ ይለብሳል።

በዚያች አገር አያ ቸሬ የሚባል ደግ መላጣ ይኖር ነበር። ጎረቤቱ ሙላው በቅሎውን ወስዶ የእኔ ናት ስላለበት፣ ሲሟገት ሲሟገት ከርሞ በመጨረሻ ረታ። ፍርዱ ተጻፈ፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ሆነ። ደንቡ ደግሞ ማኅተሙ ሲወርድ ባለጉዳዩ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ እጅ እንዲነሳ ያዛል። አያ ቸሬ ከደስታው ብዛት ከልኩ በላይ አጎነበሰና፣ ማኅተሙ ወረቀቱን ትቶ አናቱ ላይ ጉብ አለ፤ እንደ ቆብም ሸፈነው።

አያ ቸሬ ዓይኑ ኮከብ እያየ፣ ወረቀቱ እንደገና ይታተምልኝ ብሎ ለመነ። ነገር ግን ለአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ማተም ማኅተሙ ተሳስቷል እንደ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ያመለጠውን ሰው ደግሞ በዚያች አገር ዘመድ እንኳ አይጠይቀውም።

«ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት፣ ወረቀት ነው» አሉ ዳኛው። «ማኅተም ያረፈበት ግን ፍርድ ነው። እንግዲህ ፍርዱ አንተ ነህ፤ እንኳን ደስ ያለህ።»

«በቅሎዬስ፣ ጌታዬ?»

«በቅሎዋ ፍርድ ይዞ ለቀረበ ትሰጣለች።»

«ይኸው ቀርቤያለሁ።»

«አንተማ ዋናው ነህ። ዋናው ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ የሚወጣው ግልባጩ ነው።»

የተጻፈውን ወረቀት ብዕራቸውን ጠረጉበትና ጣሉት። አያ ቸሬንም ተሸክመው ከዶሴዎቹ መካከል መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል፣ የፍርድ ሰነድ አይታጠፍም ብለው ተቆጡት።

ሚስቱ እትዬ ዘርፌ ወሬው ደርሷት እየሮጠች መጥታ ባሏን ብትጠይቅ፣ ግልባጭ ይሰጥሻል ተባለች። ለግልባጭ ግን ሌላ መላጣ ያስፈልጋል። ይህን የሰማው ሙላው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ በሮ፣ አናቱን እንደ እንቁላል አስላጭቶ ተመለሰና ለፍትሕ ሲል ራሱን መስጠቱን አስታወቀ። የዳኛው ዓይን እንባ አቀረረ። ወዲያው «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚለው ትንሹ ማኅተም አናቱ ላይ አረፈ፤ በቅሎዋም ተሰጠችው።

ሙላው ወደ ዘርፌ ዞረና «በይ ተነሺ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አላት።

«ይኼ እኮ ሙላው ነው» አለች ዘርፌ፤ «በቅሏችንን የወሰደብን ሰውዬ።»

«ፊቱን ማን እዪ አለሽ?» አሉ ዳኛው። «አናቱን እዪ። ወይስ ማኅተሙን ትቃወሚያለሽ?»

ዘርፌ በር ላይ የቆሙትን ዘቦች አየች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከበቅሎዋ ኋላ ኋላ መራመድ ጀመረች።

«ዘርፍዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ» አለ አያ ቸሬ ከመደርደሪያው ላይ፤ እንባው ጺሙን አልፎ ይንጠባጠብ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሹም ቀና ብሎ አየና ደነገጠ።

«ክቡር ዳኛ፣ ዋናው ሰነድ እየረጠበ ነው።»

ዳኛው የሚቀጥለውን ባለጉዳይ በእጃቸው እየጠሩ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ መለሱ፦

«እርጥበት ወደማይደርስበት ወደ ላይኛው መደርደሪያ አውጡት።»