ቅቤ የተቀባው ኮክ

ባልና ሚስትን የሚለያየው ሞት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ላይ መሰላል ይዘው አያውቁም! እኔና ባለቤቴ አቶ ዘውዴ ሃያ ስድስት ዓመት ተፋቅረን ኖረን፣ በመጨረሻው ሳምንታችን ለፍቺ ሊያደርሰን የነበረው መሰላል ነው። እሱ ኮክ ሊለቅም ዛፉ ላይ ወጥቷል፤ እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ።

«ያዢው እንጂ!»

«ይዤዋለሁ!»

«ታዲያ ምነው ይወዛወዛል?»

«የምትወዛወዘው አንተ ነህ! ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው እንደ ጦጣ...»

አንዲት የበሰለች ኮክ መርጦ አናቴ ላይ ጣላት። ሳቅን። አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ይኸው ነው። ከዛፍ ወድቆ የሞተ እንዳይመስልህ፣ አንባቢዬ! በሰላም ወርዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በአራተኛው ቀን በተኛበት አረፈ። ዛፍ ያልጣለውን ሰው አልጋ ጣለው...

ቤታችን ከመካኒሳ አቦ ዝቅ ብሎ ነው። አማቴ ቀኛዝማች ነበሩ፤ ከከተማ ጫጫታ ሸሽተው እንዲያርፉበት በእንጨት ሰገነት ያሠሩት ቤት ነው። ባለቤቴ የወረሰው ግቢ ግን ባዶ ነበር። ጽጌረዳውንም ጌሾውንም የተከለው እሱ ነው፤ ከሰገነቱ ፊት ያለውን ኮክ ደግሞ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት።

ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ክራቫት ያሰረ፣ የቅርስ መዝገብ የያዘ ወጣት ባለሙያ መጣና ቤቱ «ታሪካዊ» መሆኑን አበሠረኝ። ለካስ ቤትም እንደ ሰው ነው፤ የሚመሰገነው ለቅሶ ሲገባበት ነው!

«ጣራው ያፈሳል፣ ልጄ» አልኩት።

«የሚያፈሰው ከጥንት ጀምሮ ነው፣ እሜቴ?»

«ከካቻምና ክረምት ጀምሮ ነው።»

«እንግዲያው እኛን አይመለከትም» አለና ወደ ሌላው ገጽ ገለበጠ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የአማቴን የድሮ ፎቶግራፍ አውጥቼ አሳየሁት። ፎቶግራፉ ላይ ቤቱ አለ፣ አማቴ አሉ፣ ከፊታቸው ችካል ላይ የታሰረች በቅሎ አለች። ሌላ ምንም የለም። ባለሙያው ዓይኑ በራ።

«ግቢው ወደ ጥንቱ መመለስ አለበት! ይኼ ኮክ ይቆረጣል። በቦታው ችካል ይተከላል።»

«በቅሎዋስ?»

«ስለ በቅሎዋ ለበላይ እንጽፋለን።»

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። «ኮኩን የተከለው ባለቤቴ ነው» አልኩት።

«ባለቤትዎ ታሪካዊ ሰው ነበሩ?»

«ጸሐፊ ነበር። ለእኔ ግን...»

«የጠየቅሁት ለመዝገቡ ነው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ሰው እንደሚልክ ነግሮኝ ሄደ።

አጥሩን ተሻግሬ ለጎረቤቴ ለእማማ ጫልቱ አለቀስኩ። እማማ ጫልቱ እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ እያረሱ ያረጁ፣ ቅቤያቸው እስከ ጎፋ የሚፈለግ ሴት ናቸው። እንባዬን እስክጨርስ ጠብቀው፣ «ይኸው ነው? ዝም በይ» አሉኝ። በቀጠሮው ዕለት ገና ሲነጋ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው መጡ፤ ኮኩን ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ እንደ ሙሽራ ለቀለቁት፤ ግንዱን በቄጠማ አሰሩት። አድባር አደረጉት ማለት ነው! ዋርካና ሾላ ሲቀባ አይቻለሁ። ኮክ ሲቀባ ግን እኔም ኮኩም የመጀመሪያችን ነው።

ባለሙያው መጣ። ከኋላው የሠፈራችን ዛፍ ቆራጭ ደገፋ። ደገፋ መጥረቢያውን አንሥቶ... አወረደው።

«ምን ቆመሃል? ቁረጥ እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ተቀብቷል።»

«ታዲያ ይቀባ! መጥረቢያ ቅቤ ይፈራል?»

«መጥረቢያው አይፈራም፣ ጌታዬ። እኔ ግን ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ባለሙያው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ መጥረቢያውን ነጠቀው። ዛፉን አየ። እማማ ጫልቱን አየ። እማማ ጫልቱ ከንፈራቸውን መጠጡለት፣ ለሞተ ሰው እንደሚመጠጠው። ልጁን ላብ አጠመቀው። «በእርግጥ እኔ በዚህ አላምንም» አለና መጥረቢያውን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ መዝገቡን ገለጠ።

«እማማ፣ ይህ ዛፍ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቀባው?»

«እኔ አድባርነቱን ካወቅሁ ጀምሮ» አሉ። አልዋሹም፤ ያወቁት ጧት ነው።

እሱም ጻፈ፤ «ጥንታዊ አድባር። እንዳይነካ።» የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኮክ በአንድ ቅል ቅቤ ከአማቴም ከበቅሏቸውም በዕድሜ በለጠ! መዝገቡ ላይ አንደኛ ተራ የያዘው ዛፉ ነው፤ ቤቱ ሁለተኛ። ጣራው አሁንም ያፈሳል፤ እኔ የትም አልተጻፍኩም። ባለሙያው «ልማዱ እንዳይቋረጥ!» ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ በየጊዜው እየመጣም ግንዱን በጣቱ ይነካል። የነፍስ አባቴ ሰምተው ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ «በይ የጾም ቀን እንዳይሆን» ብቻ አሉኝ።

ኮኩ ዘንድሮም አፍርቷል። ግን አንድ ነገር ማንም አላሰበበትም፤ ቅቤ የተቀባ ግንድ መሰላል አይዝም። አሁን መሰላሉን ከግንዱ ጋር በገመድ አስረዋለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ።