የድንበርተኞቹ ቀፎ

ደገኛው ይመር በመስከረም ንብ ያነባል፤ በጋው ሲጠና ደግሞ እንዲያው ያነባል። አደዩ ከረገፈ ወዲያ በደጁ አበባ የሚባል ነገር የለም። የተራበ ንብ ባለቤት አያውቅም፣ ይኮበልላል። የይመር ወረት ደግሞ፣ ከአባቱ የወረሰው ሁሉ፣ ያለው ከቀፎ ውስጥ ነው። ንቡ የኮበለለ ዕለት ቤቱ መፈታቱ ነው።

ከማዶ አንድ ባለጸጋ ነበር። አትክልቱ ክረምት ከበጋ ለምለም ስለሆነ፣ አገሬው «ያለሱ አረንጓዴ ንብ አያድርም» ብሎ ካመነ ቆይቷል። ባለጸጋው የሰው ቀፎ ያስጠጋል፤ ከማሩ ግን ሲሶውን ይቆርጣል። ሲሶው አይበቃውም፣ ወኪሉን ልኮ ጓዳ ያስፈትሻል። «ልጆቹ በቀን ሁለቴ ይበላሉ? አንዱ ይቅር» ይላል ወኪሉ፣ ለነሱው አስቦ። አቤት አሳቢነት!

ዘንድሮም ይመር ቀፎዎቹን በአህያ ጭኖ ማዶ ሲደርስ፣ ከባለጸጋው በር ላይ ሑመድን አገኘው። ሑመድ የቆላ ድንበርተኛው ነው፤ እሱም ንብ ያነባል።

«ምነው ሑመድ፣ በደህና?»

«የክረምቱን ሲሶ ላስረክብ ነዋ። አንተስ?»

«አበባ ፍለጋ።»

«አበባ? ወንድሜ፣ የኔ ግራር ነጭ ለብሶልሃል፤ የሚቀስመው ንብ አንሶት እየረገፈ ነው!»

«የኔስ አደይ በመስከረም? ማን ቀስሞ ይጨርሰዋል?»

ተያዩ። ስንት ዘመን ድንበር ተካለው ሲኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ደጅ ትቶ በሰው አትክልት ሲዞር ኖሯል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼው ነው። ሑመድ ሳቀ፤ ይመር ግን አፈረ።

«በል ለውጥ እንግባ» አለ ሑመድ። «በበጋ ያንተ ቀፎ ከኔ ግራር ሥር፣ በመስከረም የኔው ካንተ አደይ መሀል። ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ወደ ባለቤቱ።»

«ንቤ አንተ ዘንድ ሳለ ቢወልድስ?»

«አብሽር! በጎረቤት መሀል ወለድ አይቆጠርም።»

አህያዋ ከባለጸጋው በር ተመለሰች። የይመር ሚስት አስካለ ይህን ስትሰማ ደነገጠች።

«ቢያስቀርብህስ?»

«የሱም እኔ ዘንድ ይመጣ የለ?» አለ ይመር። እንዲህ ይበል እንጂ እሱም አላመነም። ስለዚህ ሰንበትበት ብሎ ወደ ቆላ ወረደ። ከግራሩ ሥር ቆሞ ጆሮውን ከቀፎው ቢያስጠጋ፣ ውስጡ ሞልቶ ያጉረመርማል። ሑመድ ለቀፎዎቹ ዳስ ሠርቶላቸዋል፤ የራሱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ የይመርን ከጥላው አስገብቷል። ይመር የሑመድን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ቤቴን አቆምክልኝ፤ እግዜር ያቁምህ» አለው። እዚያው አድሮ በማግስቱ ፊቱ በርቶ ወደ ደጋ ወጣ።

ከቤቱ ሲደርስ የባለጸጋው ወኪል ግቢው መሀል ቆሟል። ቀፎ የለም። ልጆቹ ደግሞ ምሳቸውን እየበሉ ነው።

«ዘንድሮ ብንጠብቅህ ቀረህ» አለ ወኪሉ፣ ያዘነ መስሎ። «ንብህ ኮበለለ መሰለኝ?»

ይመር ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«የለም ጌታዬ፣ ምስጋና ይግባው» አለ። «ዛሬም ከጎረቤቴ ደጅ ብር አለ።»