የሂርባይ ሳህን

መንገድ አብሯችሁ የሚወጣ ሰው ስትመርጡ ስለ ጉልበቱ አትጠይቁት። «ስንት ሰው ታውቃለህ?» በሉት። «ብዙ» ካለ ሌላ ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚያውቅ ሰው መንገድ አይሄድም፤ ሰላምታ ሲሰጥ ነው የሚውለው። ገበያ አብራችሁት ብትወጡ ገበያው ተበትኖ ትደርሳላችሁ። ለቅሶ ብትሄዱ ለሙት ዓመቱ ትደርሳላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የእናንተውን ስም እየጠራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የእናንተ ግን በእግሩ ነው የሚዞረው። ለእኛው፣ ለሕንዷ ማንድቪ ወደብ ሰው፣ ይባስ ብሎ የሸራ መርከብ ተሰጥቶታል።

ክቡር ናኽዋ ጁሱብ ይባላሉ። የ«ራህማት» መርከብ ናኽዋ፣ ማለትም አለቃ፣ የሰባት ወደብ ባለሙሉ ሥልጣን ሰላምተኛ፣ የሳህን አምባሳደር። ከመጀመሪያው በቀር ማዕረጎቹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ በንዴት። አራት ዓመት በሥራቸው ሸራ ስቤአለሁና መብቱ አለኝ።

ሳህን ያልኩት ለቀልድ አይደለም። እኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አቻር፣ ያ በዘይትና በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ፣ የመጣበት ጎድጓዳ ሳህን ቴምር ወይም ጣፋጭ ሳይዝ የባለቤቱን ደጃፍ አይረግጥም። በአንድ ሰፈር ውስጥ ሲሆን ደግ ልማድ ነው። ከማንድቪ እስከ ቦምቤይ ባለው የባሕር ዳርቻ ሁሉ ላይ ሲዘረጋ ግን በሽታ ነው። የኦኻ ሴት አቻር ትሰጣለች፤ ናኽዋ ሳህኑን ቴምር ሞልተው ይመልሳሉ፤ ሴትዮዋ ታፍርና በሌላ ሳህን ሌላ ነገር ትሰጣለች። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ማቆምም የሚቻለው የለም፤ ያቆመ ስስታም ይባላላ።

እናም የመርከባችን ሆድ ጨው፣ የናኽዋ ጎጆ ሳህን ተሸክመው ይጓዙ ነበር። ነሐስ፣ ሸክላ፣ ቆርቆሮ፣ ሁሉም አፉ በጨርቅ የታሰረ። እኛ አምስት መርከበኞች የምንተኛው በሳህኖች መካከል ነው። በእንቅልፉ የተራገጠ ሰው ጠዋት የማንጎ ዘይት እየሸተተ ይነሳል። ብሶቴን ስናገር መሪ ያዡ ሲዲክ ይስቅብኛል።

«ኢልያስ፣ አፍህን ሸራ ብናደርገው ኖሮ ቦምቤይ ትናንት ደርሰን ነበር።»

ናኽዋ ደግሞ ወደብ በታየ ቁጥር ጢማቸውን ያበጥሩና ያችኑ ቃላቸውን ይሏታል፤ «ብቅ ብለን ውልቅ ነው።»

አሁን የምነግራችሁ ስለ መጨረሻው ጉዟችን ነው። ዘግይተን ወጣን። ግንቦት ከገባ በኋላ በእኛ ባሕር ላይ የሚገኝ ሸራ ወይ የሞኝ ነው ወይ የባለ ዕዳ። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ንፋስ አንዴ ከተነሳ ባሕሩ ይዘጋል፤ አራት ወር ማንም አይወጣም። የአባቴ ጀልባ በዚያው ወር ከፖርባንደር ወጥታ ቀረች። መጥፋቷ የታወቀው ከሃያ ቀን በኋላ ነው፤ በመካከል ባሉት ወደቦች የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። 

ናኽዋ ይህን ያውቃሉ። አውቀውም ኦኻ ላይ ቆሙ። አንድ ጆሮው የማይሰማ ገመድ ሠሪ አላቸው። ጤናውን ጠየቁት፤ የሚስቱን ጤና፤ የቀኝ ጉልበቱን፤ የግራ ጉልበቱን። ሰውዬው «ምን አልክ?» ሲላቸው ከመጀመሪያው ጀመሩለት። ቀኑ ሄደ።

ፖርባንደር ላይ የሻይ ሻጩ ፍየል ሞታ ደረስን።

«ናኽዋ፣ ፍየል እኮ ናት» አልኳቸው።

«ታዲያስ? ታውቀኝ ነበር» አሉኝና ተቀምጠው አዘኑ። ሁለት ቀን።

ቬራቫል ስንደርስ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የዓሣ ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ አሸዋው ተጎትተው፣ በዘንባባ ሰሌን ተሸፍነው፣ ረድፍ ሠርተው ተኝተዋል፤ ከሩቅ ሬሳ ነው የሚመስሉት። ንፋስ የለም። ንፋስ ሳይኖር ግን ውኃው ከሥሩ እያበጠ ይነሳል፤ ከሩቅ የሆነ ግዙፍ ነገር ተገላብጦ እንደሚተኛ። አንድ ሽማግሌ ጀልባ እየጠገነ ቀና ብሎ አየንና፣

«ከየት ናችሁ? ሰው መምጣት ካቆመ ሰነበተ» አለ።

ናኽዋ ሦስት ቤት ሻይ ጠጡ። በሦስተኛው ቤት ለአንድ ዓሣ ነጋዴ «ነገ ከቀትር በፊት ጃፍራባድ ሂርባይ ጋ ነኝ» ሲሉ ሰማሁ። ሂርባይ ማሲ የጃፍራባድ ባልቴት ናቸው፤ ወደቡ ሁሉ አክስት ብሎ የሚጠራቸው። የእሳቸው ሳህን ነሐስ ነው፣ ከንፈሩ ላይ ጎድጎድ ያለ። ናኽዋ በስኳርና በሰሊጥ ሞልተውት፣ በጉያቸው እንደ ሕፃን ይዘውት ወደ መርከብ ሲመለሱ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ናኽዋ፣ ስንት ቀን ለሳህን እንደ ገበርን ያውቃሉ?»

«ተረጋጋ ልጄ። የቀረን ጃፍራባድ ብቻ ናት። ብቅ ብለን...»

«እርስዎ ውልቅ ብለው አያውቁም። አንድም ቀን። የሰው ነፍስ ይዘው ነው ሻይ የሚጠጡት። ሰማዩን አያዩትም? ጀልባዎቹን አላዩም? ሁሉም ሲሸሽ እኛ ስኳር እናድላለን። አባቴ የወጣው በዚህ ወር ነው።»

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከቁጣ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ናኽዋ እጄን አዩት፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ ሳህኑን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እሺ» አሉ። «ሂርባይ ትቆየን። በቀጥታ ወደ ቦምቤይ።»

እኔ አሸነፍኩ። እውነት ተናጋሪ ነኝ እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ገመድ ፈታሁ።

በሌሊት፣ ከየብስ በሚነፍስ ቀጭን ንፋስ ወጣን። ቀትር ሲቃረብ ጃፍራባድን በስተግራ አሻግረን እያየን አለፍን፤ ነጭ ቤቶቿ ጥርስ ይመስሉ ነበር። ናኽዋ ጀርባቸውን አዙረው ተቀመጡ። ብዙም ሳንርቅ ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ባሕሩና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር ጠፋ። «ሸራ አውርዱ» ያሉት ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ንፋሱ ደረሰና ሸራውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ሁለተኛው ማዕበል መሪውን ነቀለ። ሲዲክ የእንጨቱን ቁራጭ በእጁ ይዞ ቆሞ ቀረ፤ ምን እንደሆነ የማያውቀው ዕቃ ይመስል።

መሪ የሌላት መርከብ ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ዕቃ ናት። ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ውኃ በላያችን ገባ። ጨው ወረወርን፤ ጆንያ በጆንያ። ሁለት ባልዲ ነበረን፤ ሁለቱንም ማዕበሉ ወሰዳቸው። ሸሃዳዬን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጠፋኝ። አባቴም ጠፍቶት ነበር ይሆን እያልኩ አሰብኩ።

ይሄኔ ናኽዋ ከጎጇቸው ሳህን ታቅፈው ወጡ። የአንዱን ጨርቅ ፈቱ፤ አቻሩን ወደ ባሕር ደፉ። «የኦኻዋ ራኒባይ፣ ይቅር በይኝ።» ሁለተኛውን ፈቱ። «የማንግሮሉ ቫልጂ፣ ይቅር በለኝ።» እያንዳንዱን በባለቤቱ ስም እየጠሩ፣ ይቅርታ እየለመኑ፣ እየደፉ ሰጡን። አምስታችንም በሰው ሳህን የገባውን ውኃ እየቀዳን ማፍሰስ ጀመርን። የረገምኩት ሳህን ሁሉ እጅ በእጅ ሆነ። ለእኔ የደረሰኝ ከንፈሩ የጎደጎደው ነው።

«የሂርባይን በቀስታ» አሉኝ ናኽዋ ማዕበሉ ፊታቸውን እየመታው። «ከእንጨቱ ጋር አታፋጨው።»

ሌሊቱን አልጽፈውም። ቀዳን፤ ያ ብቻ ነው። ሲነጋ ንፋሱ ጋብ አለ፤ ውኃው ግን አሁንም እንደ ኮረብታ ይነሳል፣ እኛም ከትከሻችን እስከ ወገባችን እንጨት ሆነናል። የት እንዳለን አናውቅም። ሲዲክ «የሚፈልገን የለም፤ ቦምቤይ እስክንደርስ የሚጠብቀን ሰው የለም» አለ። እውነቱን ነው። ሳምንት ቢሞላም «ጁሱብ የሆነ ቦታ ሻይ እየጠጡ ነው» ከማለት በቀር ማን ይጠረጥራል? እንደ አባቴ፣ ሃያ ቀን ቆይቶ የሚታወቅ ሞት። እሱን ሳስብ መቅዳቴን አቆምኩ። ናኽዋ ሳህኑን መልሰው በእጄ አስያዙኝ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የሞተር ድምፅ ሰማን። ሁለት የዓሣ ጀልባዎች፣ በማዕበሉ ላይ ወጣ ጥልቅ እያሉ። በፊተኛው ላይ የቆመው ሰው እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ። ተርፋችኋል ወይ አላለም።

«አጎቴ ጁሱብ፣ ሂርባይ ሳህኔ የት ደረሰ ብላለች።»

ሲዲክ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እኛም ተከተልነው።

መርከባችንን እየጎተቱ ታሪኩን ነገሩን። ያ የቬራቫሉ ዓሣ ነጋዴ በአውቶቡስ ጃፍራባድ ገብቶ፣ «ጁሱብ ዛሬ ከቀትር በፊት እዚህ ነኝ ብሏል» ብሎ ለሂርባይ ማሲ ይነግራቸዋል። ቀትር አለፈ። ማዕበሉ መጣ፤ ሄደ። ሲነጋ ሂርባይ ማሲ ዓሣ አጥማጆቹን በር በበር አንኳኩ። ሰዎቹ «ማሲ፣ በቀጥታ ቦምቤይ ሄዶ ይሆናል» ሲሏቸው ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው፣

«ሳህኔን ይዞ? ጁሱብ?» አሉ። ከዚህ ሌላ ክርክር አላቀረቡም። አሸዋ ላይ የተኙትን ጀልባዎች ሰሌን ራሳቸው መግፈፍ ጀመሩ። የሚያፍር ወንድ ሁሉ ተነሳ።

ዳርቻው ላይ መንደሩ በሙሉ ቆሞ ጠበቀን። ናኽዋ ከመውረዳቸው በፊት ወደ መርከቧ ሆድ ወረዱ። ከጭነቱ የተረፈ እርጥብ ጨው በጥፍራቸው ፍቀው ሳህኑን ሞሉት። ባዶውን አልመለሱትም።

ሂርባይ ማሲ ሳህኑን ተቀበሉ፤ ጨውን አዩት፤ ናኽዋን አዩ። ጀልባዎቹ የት እንዳገኙን ሰምተዋል፤ ከጃፍራባድ ወዲያ ማዶ።

«ወንድሜ ጁሱብ፣ ደጄን አልፈህ ነበር?»

እኔ በማዕበሉ ውስጥ እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም። አፌ፣ ያ ሸራ የሚወጣው አፌ፣ የት እንደገባ እንጃ። እውነት ተናጋሪው ኢልያስ እግሩን ያይ ነበር።

«ረሳሁ፣ እህቴ» አሉ ናኽዋ።

ሠላሳ አራት ሳህን ከነባለቤቱ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው። በሰባቱም ወደብ ሳቁባቸው። ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ረሳሁ ጁሱብ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እስከ ዛሬም ይጠሩበታል። እኔ ከዚያ ወዲህ ሸራ መሳቡን ትቼ ብዕር ይዤ፣ ስለ ባለሥልጣን፣ ስለ ወደብ ሹም፣ ስለ ጨው ነጋዴ ስንት ጊዜ ጮኼ ጽፌአለሁ። ይቺን ግን እስከ ዛሬ አልጻፍኩም።

ናኽዋ አሁን ባሕር አይወጡም፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ትናንት አስጠሩኝ። ከንፈሩ የጎደጎደ የነሐስ ሳህን፣ በጨርቅ ታስሮ፣ አጠገባቸው ተቀምጧል። በስንተኛው ዙር እንደተመለሰ አልጠየቅኩም።

«ለሂርባይ ነው። በአውቶቡስ ሂድ። ብቅ ብለህ ውልቅ ነው።»

«ናኽዋ፣ እለፉ ያልኩዎት እኔ እንደሆንኩ ለምን አልነገሯቸውም?»

ጢማቸውን አበጠሩ። «ያን ቀን እጅህን አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ሌላ ነገር የሚሸከም ትከሻ አልነበረህም» አሉኝ። ቀጥለውም የቀኝ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ የግራውን።

አውቶቡሱ በየወደቡ ይቆማል። በየወደቡም የናኽዋን ጤና የሚጠይቅ ሰው ስላለ አራት ቀን ይፈጅብኛል። ሐሙስ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ ብዬ ለሂርባይ ማሲ መልእክት ልኬአለሁ። ካልደረስኩ የሚፈልገኝ ሰው አለ። ከደረስኩ ግን፣ ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠሩምና ይህ ጽሑፍ አያድነኝም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ በአፌ ልናገረው ነው። የምለውን ከአሁኑ እለማመዳለሁ፤ እስካሁን ከመጀመሪያው ቃል አላለፍኩም። ሳህኑ ግን ሙሉ ነው።