አባባና የፕላስቲክ ወለሉ

ቤቱን ፕላስቲክ ያስነጠፈ ሰው እግር ካለው ፍጡር ሁሉ ጋር ጠበኛ ነው። አላመናችሁኝም? እንግዲያው ከአባባ ጋር ላስተዋውቃችሁ።

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሰው ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ሲሰለፍ፣ እሱ ከደሴ አበባ ያለበት የፕላስቲክ ወለል አስጭኖ መጣና ሳሎናችንን አለበሰው። ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት መኖር ቀረ! «ፕላስቲክን የሚገድለው ፍትጊያ ነው» እያለ የወንበሩን እግር ሁሉ በጨርቅ ጠመጠመ። ጫማ በር ላይ ቀረ፤ እኔም በየቀኑ በሰም እወለውላለሁ። ሸክላ ማጫወቻም ነበረን... ግን መርፌው ሸክላውን ይፍቀዋል ተብሎ አንድም ቀን ዘፈን አልሰማንበትም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ መምህር ወደደኝ፤ እኔም ወደድኩት። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሊዛወር ስለሆነ ቶሎ ብሎ ሽማግሌ ላከ። አባባ ግን «ለደሞዝተኛ ልጅ አልሰጥም» ብሎ ቆርጧል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አጮልቃለሁ።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በአዲስ የናይለን ካልሲ ገቡ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባባ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም እንዴት ብለን» አሉ መሪያቸው ሼህ ይማም፣ እንደ ወጉ ቆመው።

አባባ እንቢታውን ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሼሁ ጠጋ ሊሉ አንዴ ተራመዱ። ሰም ደግሞ ሽማግሌ አያከብርም... ተንሸራተው ዘፍ አሉ፤ የከዘራቸው ብረት ጫፍም ወለሉ ላይ ትልም አወጣ።

አባባ ዘሎ ተነሣ። ሰውየውን ሊያነሳ መሰላችሁ? ተንበርክኮ ጭረቱን በጋቢው ጫፍ ያሽ ጀመር!

ሼሁ ወገባቸውን ይዘው አዩት። ገባቸው።

«በል እንግዲህ ልነሳ» አሉ፣ ከዘራቸውን ተከል አድርገው።

«ኧረ በአላህ፣ በእሷ እንዳይነሱ!»

«ታዲያ በምን ልነሳ ወንድሜ? ጉዳያችን ቢያልቅማ አብሽር፣ እነዚህ ደግፈው ያነሱኝ ነበር።»

ከዘራዋ ሲጥ አለች።

«ሰጠሁ! ልጄን ሰጠሁ! ብቻ ከዘራዋን አንሱልኝ!»

እስቲ ፍረዱኝ። ደስታው እንዳለ ሆኖ ተናደድኩ። የሽማግሌ ልመና የማይበግረው አባት በአንዲት ጭረት ተረታ፤ እኔ ከፕላስቲክ ቀለልኩ።

የሰርጉ ዕለት ሳሎኑ ሙሉ ሰው ከነጫማው ሲጨፍር አባባ ጥግ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል።

«ወይ አባት፣ ልጁ ልትሄድበት ሆዱ ባባ» አሉ ሴቶቹ።

እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ፤ የሚያየው የሚዜዎቹን ጫማ ነው።