ጡትን «ደረት» ብዬ የተረጎምኩ ዕለት

ዓይን አፋር ሰው ከውሸታም ይብሳል! ቆይ፣ ሳትሰሙኝ አትቆጡ። ውሸታሙን ስለምናውቀው እንጠነቀቀዋለን። ዓይን አፋሩን ግን «ጨዋ ነው» ብለን ሕዝብ ፊት እናቆመዋለን። እኔን እንዳቆሙኝ…

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ጸሐፊ ነኝ። ፈረንሳይኛ ስለምሞካክር ሰፈሩ እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ ታደሰ» ይለኛል። አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ ነቀርሳ ሕዝቡን ሊያስተምር መጣና አስተርጓሚ ሲፈለግ አለቃዬ እኔን ጠቆሙ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በዚያ ሙቀት ከረባት አሰርኩ። ባለቤቴ ዘነበች እንኳ ባሏ በፈረንሳይኛ ሲራቀቅ ልትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

ቦታው ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ግቢ ነው፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሠራተኛውና ነጋዴው መሀል፣ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል።

ሐኪሙ በሲጋራ ጀመረ። በውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ሲጋራ ሳንባ ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ በቅርቡ ደርሰውበታል አለ። እኔም የሲጋራ ፓኬቴ ከኪሴ ሳለ በኩራት፣ «ሲጋራ የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል!» ብዬ አወጅኩ። ጣጣው ገባችሁ? በእኛ አገር «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ያ ደም የሚያስተፋው ሳል ነዋ!

የወርክሾፑ ብረት ቀጥቃጭ አቶ ደስታ ብድግ አሉ።

«እኔ የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ በመርፌ ነው የዳንኩት። ሲጋራ አፌ ደርሶ አያውቅም። ማን አጨሰልኝ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ?» አለኝ።

«አመሰገኑ» አልኩት።

በስንት መከራ «ይሄኛው ሌላ ነው፣ እንደ እባጭ የሚያድገው» ብዬ ተገላገልኩ። ግን ዋናው መከራ ገና ነበር።

ሐኪሙ ቀጠለ፦ ሴቶች ጡታቸውን በጣታቸው ይዳስሱ፤ እብጠት ካገኙ ባያማቸውም ዝም አይበሉ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይድናል። የትምህርቱ ፍሬ ይህ ነው። አፌን ከፈትኩ… ፊት ለፊቴ የነፍስ አባቴ! አጠገባቸው የሰፈራችን ሼክ! ከኋላቸው አለቃዬ! ያቺ ባለ ሁለት ፊደል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረች።

«እ… ሰው ሁሉ… ደረቱን ይዳስስ» አልኩ።

ወንዱ በሙሉ ደረቱን ይዳስስ ጀመር። «ይኸው እዚህ ጋ ይወጋኛል!» «እኔንማ ሌሊት ያፍነኛል!» በአንድ አፍታ ረጅም ሰልፍ ሐኪሙ ፊት ተሠራ። የነፍስ አባቴ አራተኛ ናቸው። ሴቶቹ «የወንዶች በሽታ ነው» እየተባባሉ ነጠላና ሻሻቸውን አስተካክለው ሊወጡ ተነሡ። ሐኪሙ ዓይኑ ፈጠጠ።

ይሄኔ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጎረቤታችን ሐሊሞ ናት፤ ጨርቅ ከጅቡቲ በባቡር እያመጣች የምትሸጥ ሶማሌ ነጋዴ።

«አቦ ታደሰ! ወላሂ ሙሴው ሐኪም እንደዚያ አላለም!»

«ሐሊሞ፣ እባክሽ…»

«ሃያ ዓመት ጅቡቲ ስመላለስ ጆሮዬን ቤቴ ትቼው የምሄድ መሰለህ? ጡት ነው ያለው! ጡት! በኦሮምኛ ሐርማ፣ በሶማሊኛ ናስ!»

«ናስማ ወርክሾፕ ሞልቷል» አሉ አቶ ደስታ።

«የኛ ናስ ሌላ ነው፣ አንተ ብረት ራስ!»

ሐኪሙ ነገሩ ሲገባው ሐሊሞን ወደ ፊት ጠራት። ወንዶቹ ወጡ። እኔም ከነከረባቴ ተባረርኩ። ከአጥር ውጭ ሆኜ ስሰማ ሐሊሞ በሦስት ቋንቋ ታስረዳለች፣ ሴቶቹ ይጠይቃሉ፣ ይሳሳቃሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ ዘነበች ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ትራመዳለች። የተናደደችብኝ መስሎኝ ቀልድ ቢጤ ሞካከርኩ። መንገድ ላይ ቆመች።

«ታደሰ፣ እኔ አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«እብጠት። ከፋሲካ ወዲህ። ስለማያመኝ ዝም አልኩ። አንተ ደረት ስትል እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም፤ ልወጣ ተነሥቼ ነበር። ሐሊሞ ናት ያስቀመጠችኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ የምቀልደው የለኝም። ያን ከረባት ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ ሐኪሙ አያትና ደብዳቤ ጽፎ ሰጠን፤ ወዲያው አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ላይ ወጣን። ሐሊሞ ስንቅ ቋጥራ ጣቢያ ድረስ ሸኘችን። የስንቁን ዋጋ ልክፈል ስላት በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጮኸችብኝ። ትርጉሙን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

የአዲስ አበባው ሐኪም መርምሮ «ክፉው ዓይነት ነው፤ ግን ገና ትንሽ ነው፣ በጊዜ ደርሳችኋል» አለ። ጡቱ መነሣት እንዳለበት ሲነግረን ላቤ ተንቆረቆረ። ዘነበች ግን፦

«ውሰዱት። ሦስት ልጅ አሳድጓል፣ ጡረታ ይገባዋል!» አለች።

ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ እሷ ሻይ ጠየቀች፤ እኔ ኮሪደር ላይ ወደቅሁ። ነርሷ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ እኔ ነው።

ድሬዳዋ ስንመለስ ጎረቤት ሊጠይቅ ጎረፈ። አንዱ በር ላይ ይዞኝ «ምኗን ነው?» ሲለኝ፣ አመሌ ነውና «ትንሽ ደረቷን…» ብዬ ስጀምር ከውስጥ ጩኸት መጣ፦ «ጡቴን ነው!»

ይኸው አራት ዓመቷ፤ በየጊዜው ትታያለች፣ ደህና ናት። የሐሊሞ ሱቅ ደግሞ ትምህርት ቤት ሆኗል። ሐሊሞ ሻሽ ልትገዛ የገባችን ሴት «ዳሰስሽ?» ሳትል ጨርቁን በክንዷ አትለካላትም። ዘነበች አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለሚፈሩት ታሪኳን ትነግራለች። እስካሁን ሁለት ሴቶችን ራሷ ይዛ ሐኪም ቤት ወስዳለች። እኔም ሲጋራ ትቻለሁ። በሳይንስ ተረትቼ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ፓኬቱን ምድጃ ውስጥ የጨመረችው ግን ዘነበች ናት።

ይህን ወግ ለጋዜጣ ከመላኬ በፊት አነበብኩላት። እየሳቀች ሰማችኝና መጨረሻ ላይ ፊቷን ቋጠረች።

«አንድ ነገር ጎድሎታል። የትኛው እንደሆነ አልጻፍክም።»

«ኧረ ዘነበች! አንባቢ ምን ያደርግለታል?»

«አንባቢውን ተወው። አራት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ በሙሉ ሰላም ሲለኝ ዓይኑ ግራና ቀኝ እያለ ይገምታል። ጻፍላቸውና እነሱም ይረፉ፣ እኔም ልረፍ!»

እሺ። ግራው ነው።