ቅቤ የተቀባው ጠመንጃ

ስለ ጠመንጃ ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠመንጃ የሌለው ሰው ነው። ባለጠመንጃማ ዝም ይላል፤ ወልውሎ ይሰቅላል፣ አበቃ። ምክሩን የምናድለው እኛ ነን፤ በስልካችን ቪዲዮ ያየን፣ ደብረ ብርሃን ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘን የአገሩን ጠመንጃ ሁሉ ፈትተን የምንገጥም። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርኩ። ነበርኩ ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ምክሬ ደግሞ መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬም አልሽረውም። ጠመንጃ ከመንካትህ በፊት ጥይቱን አውጣ። አወጣሁ ብለህም አትመን፤ በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ። ባዶም ቢሆን አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር። ከሁሉም በላይ፣ ምን እንደሆነ ያላወቅኸው ነገር ላይ አትተኩስ። ይህን የመጨረሻውን ለስንት ሰው እንዳስተማርኩ ብነግራችሁ ትደነቃላችሁ፤ እኔም ሳስበው ይደንቀኛል።

ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው የአደን ጠመንጃ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ምላጩን በሳብክ ቁጥር አንዴ ይተኩሳል፤ ቀለሁን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ይጎርሳል። በጉርሻ አገር እንዲህ ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ፍጡር መቼም ደስ አይልም። ሲጎርስ የኖረ ሆድ ደግሞ መጠረግ አለበት፤ የባሩዱ ጥላሸት ከተጠራቀመበት ይተናነቀዋል። ከጠረጉት በኋላ ትንሽ ዘይት ይቀባል። ትንሽ ያልኩትን ያዙልኝ።

አማቴ ጋሽ ዘውዴ አንኮበር ውስጥ፣ ከጎረቤላ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ቆላው ሊወርድ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲያመነታ የሚመስልበት ቦታ ላይ የድንች ማሳ አላቸው። በወጣትነታቸው ለአዳኞች መንገድ ይመሩ ነበርና አንዱ ሲሸኛቸው እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሰጥቷቸዋል። ፈቃድ አውጥተውለት፣ በነጠላ ጠቅልለው፣ ምሰሶው ላይ ሰቅለው ስንት ዓመት አኑረውታል። ወንድ ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ታደለች ትባላለች፤ ሚስቴ ናት።

በዚያ ሰፈር ድንቹ ሊደርስ ሲል ከርከሮ ከገደሉ ሥር ይወጣል። ማሳዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ እያንዳንዱ ቤት በተራው ንጋት ላይ ይጠብቃል። ሕጉም የታወቀ ነው፤ ከርከሮ ሲገባ የመጀመሪያው ጥይት ወደ ሰማይ ነው፣ ጎረቤት እንዲሰማና እንዲጮህ። እምቢ ብሎ የቀረ ካለ ሁለተኛው ለእሱ ነው። ተራውን መጠበቅ ያቃተው ቤት የራሱን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ድንች ያስበላል። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ ዓይናቸው ሞራ እየለበሰባቸው መጥቷል። ዘንድሮ ጠመንጃውን ለሚጠብቅላቸው ሰው በስሙ ሊያዞሩለት እንዳሰቡ ስሰማ ተራችን የሚደርስበትን ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ጠመንጃውን ፈልጌው ነበር። ለምን ልደብቃችሁ? የከርከሮ ጉዳይ አልነበረም። ጫማውን ወልውሎ ቢሮ የሚውል ሰው መሆን ሰልችቶኝ ነበር። በጎረቤላ ገበያ መካከል ጠመንጃ በትከሻዬ ጥዬ ሳልፍ፣ ሰው ‘የጋሽ ዘውዴ አማች’ ብሎ መንገድ ሲለቅልኝ ቁጭ ብዬ አልም ነበር። ተራችን በደረሰበት ቅዳሜ ሚስቴንና ምክሬን ይዤ ወረድኩ።

የምሰሶውን ጠመንጃ ሲያቀብሉኝ በሁለት እጄ፣ ታቦት እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ጥይቱን አወጣሁ፣ አየሁ፣ ዳሰስኩ። ፈታሁት። ጥላሸቱን ጠረግሁ። አማቴ ጥግ ተቀምጠው በማያየው ዓይናቸው በትዕግሥት ያዩኛል። ሁሉም ያማረ ነበር፤ ዘይቱን ደብረ ብርሃን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼው መምጣቴ ትዝ እስኪለኝ።

ታደለች ጠጋ ብላ አባቷ ዘይት እንዳላቸው፣ ብጠይቃቸው ደስ እንደሚላቸው በጆሮዬ ነገረችኝ። በዶሮ ላባ ጫፍ የሚነካ ያህል ብቻ ነው የሚቀባው አለች። ሴት ልጅ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች? እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ጮክ ብዬ ባለማሰቤ ዛሬም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ደግሞስ ዘይት ረሳሁ ብሎ አማት ፊት መቆም አለ? ወደ ጓዳ ገባሁ። ታደለች ለአባቷ ያነጠረችው ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ተውቦ ማሰሮው ውስጥ ተቀምጧል። ቅባት ቅባት ነው አልኩ። ያለዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፤ እኔ ግን ቢያንስ የነጠረ ቅቤ ነው የለቀለቅኩት። እጄም አልሰሰተም። ሞቅ ባለው ቤት ውስጥ ጥይት የሚያጎርሰው መቀባበያው ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ድምፅ እንኳን አልነበረውም። አማቴ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጀግኔ የሚባለው ውሻቸው ግን ጠመንጃውን ሲልስ ተይዞ ተባረረ።

ሊነጋጋ ሲል ማሳው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ነበር። የአንኮበርን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም ማለት ደመና ዝቅ ሲል ይመስለዋል። አይደለም። ከሥር ነው የሚመጣው፤ ከአሊዩ አምባ በኩል ቀስ ብሎ ዳገቱን ይወጣል፣ መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹን ወገባቸው ድረስ ይውጣል፣ ከዚያ አጥሩን፣ ከዚያ ጫማህን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከጭኔ ላይ የኮረሪማ ሽታ ይነሣል። ወጥ ቤት ነኝ ወይስ አደን ላይ? በግማሽ ዓይኔ ተኛሁ መሰለኝ። በጉሙ ውስጥ የጎረቤላ ገበያ ታየኝ፤ ሰው መንገድ ሲለቅልኝ፣ አማቴ ዓይናቸው በርቶ ከሩቅ ሲያዩኝ፣ ድንቾቹ እንኳን ከመሬት ቀና ብለው እጅ ሲነሱኝ። እንዲህ ያለ ደስታ በእውኔ አግኝቼ አላውቅም።

የነቃሁት መሬት በሚጭር ድምፅ ነው። ከርከሮዎቹ ገብተዋል፤ አይታዩም፣ ሲቆፍሩ ግን ይሰማል። ሕጉን አልረሳሁም። ወደ ሰማይ አንዴ ተኮስኩ። ሰፈሩ ጮኸ፤ የከርከሮ ኮቴ ገደሉን ይዞ ወረደ። ዝም አለ። ከጉሙ ውስጥ አንዱ ብቻውን ቀርቶ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። ጥቁር ነው፣ ጎንበስ ያለ፣ ድንቹን እየረገጠ፣ እያጓራ። እምቢ ብሎ የቀረው ይሄ ነው አልኩ። አነጣጠርኩ። ምን እንደሆነ ያላወቅኸው ነገር ላይ አትተኩስ የሚለው ምክሬ የት እንደሄደ አልጠይቅም፤ ምናልባት ዘይቱ ጋ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል። ምላጩን ሳብኩ።

ምንም። እንደገና ሳብኩ። ምንም። ጠመንጃው ቀለሁን ተፍቶ ቀጣዩን ሊጎርስ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል፤ ቅቤው በብርዱ ረግቶ መቀባበያውን ግማሽ መንገድ ላይ ጨብጦ ይዞታል። በአውራ ጣቴ ልገፋው ስታገል ጥቁሩ ነገር አጠገቤ ደርሶ ቀና አለና ሳለ። ከዚያ በትሩን ዘርግቶ ድንጋዩን ዳሰሰ።

ጋሽ ዘውዴ ነበሩ። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በብብታቸው ትኩስ ዳቦ ይዘውልኝ፣ መንገዱ በጉሙ ጠፍቷቸው በማሳው መካከል ጎንበስ ብለው በበትር እየፈለጉ መጥተዋል። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ አላፍርም፣ አለቀስኩ። ወዴት አነጣጥሬ እንደነበር አልጠየቁኝም። እጃቸው ግን በጠመንጃው ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ዳሰሱ፣ የረጋውን ቅቤ ነኩ፣ ጣታቸውን አሸተቱ።

“ልጄ፣” አሉ በመጨረሻ፣ “ጠመንጃው አውቆኛል። አንተ ነህ ያላወቅኸኝ።”

ዳቦውን ቆርሰው ሰጡኝ። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። ቤት ስንገባ ጠመንጃውን ለታደለች አቀበሏት። እሷ መጀመሪያ የቀረውን ጥይት አወጣች፤ አየች፣ ዳሰሰች። ከዚያ ፈታችው፤ ፍጥነቷን ያየ ሰው ሽንኩርት የምትልጥ ይመስለዋል። ቅቤውን በሞቀ ጨርቅ አነሣች፣ ከአባቷ መሳቢያ ትንሿን የዘይት ጠርሙስ አወጣች፣ የዶሮ ላባ ነክራ ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አደረገችው። ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ? ከልጅነቷ ጀምሮ የአባቷን ጠመንጃ የምትወለውለው እሷ መሆኗን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዘይት ረሳሁ ማለት ያሳፈረኝ ሰው ይህን ሁሉ አለማወቄ አላሳፈረኝም።

ጠመንጃው በእሷ ስም ዞረ። ተራችን ሲደርስ ማሳውን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ አንድም ከርከሮ አላለፋትም፣ አንድም ሽማግሌ አላስደነገጠችም። እኔ ለጎረቤት የምጮኸው ነኝ። ባዶ እጄን።

ውርስ ግን አላጣሁም። በሚቀጥለው ተራችን ንጋት ላይ ጉሙ እንደልማዱ ከሥር ሲወጣ፣ ታደለች ጠመንጃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔ ጎኗ ተቀምጬ፣ ከማሳው ማዶ የቃጭል ድምፅ ሰማሁ። ቂል፣ ቂል፣ ቂል ይላል፤ በሕልም ውስጥ ያለሁ ያህል ደስ የሚል ድምፅ ነበር። የማን በሬ ነው የጠፋው ብዬ ጠየቅኳት። ሚስቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጉሙ ሲገለጥ ጋሽ ዘውዴ የሞተ በሬያቸውን ቃጭል አንገታቸው ላይ አስረው፣ ዳቦ ይዘው፣ ደልደል ብለው ይመጣሉ፤ የእኔ ውርስ ይኸው ቃጭል ነበር።

ጠመንጃው እኮ ከእኔ ጋር አይደለም አባባ፣ ይኸው ባዶ እጄን ነኝ አልኳቸው።

“አውቃለሁ፣” አሉ፣ ቃጭላቸውን እያስተካከሉ፤ “ደግሞ ቅቤ ያለቀብን ሰሞን ነው።”